ከልብ በፊት ጉሮሮ

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ቤቴ ድረስ መጥቶ አንድ ገጽ ጽሑፍ እጄ ላይ አስቀመጠ። ወዳጄ ብዕረኛ ነው፤ ስሙን ብጠራው ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ አልጠራውም። ጽሑፉ ስለ ልጄ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የልቧ በር ተበላሽቶ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዛለች። ወዳጄ ይህን እንደ ሰማ አንድ ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብሎ ጻፈ። «ጨረቃ የመሰለች»፣ «ገና ያልፈካች ጽጌረዳ»፣ «ልቧ እንደ ወፍ ጫጩት የሚርገበገብ» የሚል ሁሉ አለበት። ከላይ ፎቶግራፏ እንዲገባ ባዶ ቦታ ትቷል። ከታች ለባንክ ሒሳብ ቁጥር ነጠብጣብ ደርድሯል። «ፎቶው የሳቀችበት አይሁን» አለኝ። «ትንሽ ከሳ ያለችበት ካለህ እሱን ስጠኝ።»

አልሰጥህም አልኩት።

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን ሁሉ እዚህ አላሰፍረውም። በመጨረሻ «ኩራትህ ልጅህን ይገድላታል» ብሎኝ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ መልስ ነው። ቤቱ ሄጄ እንዳልነግረው አፍ አፌን እያለ አያስጨርሰኝም፤ በጽሑፍ ግን ሰው ምንም ቢናደድ ማቋረጥ አይችልም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰኔ 2015 ዓ.ም. የፈተና ሰሞን ልጄ ጉሮሮዬን አመመኝ አለች። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ምራቋን በዋጠች ቁጥር ፊቷ ይኮማተራል፤ ሌሊት ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ። አያቷ አፏን አስከፍተው በባትሪ አዩና «እንጥሏ ወርዷል» አሉ። እንግዲህ እኔ ማን ነኝ? ሃያ ዓመት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። መጽሐፍ አነባለሁ፤ ይህን መጽሔት አነባለሁ፤ ስለ ኋላ ቀርነት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ብዙ ተናግሬያለሁ። በዚያች ሌሊት ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ዝም አልኩ። አማቴን ላለማስቀየም ዝም አልኩ። በማግስቱ የሰፈራችን እንጥል ቆራጭ መጡ። ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔው ነኝ። ደም ተፋች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ አያቷም «አላልኩህም?» አሉኝ። እኔም አመንኩ። እንዲህ ያለው የጉሮሮ ሕመም ቆረጡትም አልቆረጡትም በጥቂት ቀን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ እንደሚተው ያወቅሁት ብዙ ከዘገየ በኋላ ነው። ምላጩ ያላዳነውን አዳንኩ ብሎ ስም ያተርፋል፤ ለሚቀጥለው ሕፃንም ይጠራል።

ሐምሌ ውስጥ ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ እሱ ሲተው ክርኗ። ሕመሙ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ይዞራል። አንዱ «እድገት ነው» አለን፤ ሌላዋ «ብርድ መቷት ነው» አለችን፤ አንድ የጤና ባለሙያ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሁሉም ጠፋ። ደስ አለን። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው የሚያንቀጠቅጠኝ ያ ደስታችን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ደግሞ አመማት። ማርና ዝንጅብል ሰጠናት። ጥር 2017 ላይ አስተማሪዋ ጠርታ «ልጅዎ ሱዚ መጫወት ትታለች፤ ዳር ተቀምጣ ታያለች» አለችኝ። ማታ ማታ በአንድ ትራስ መተኛት እምቢ ብላ ነበር። እኔና እናቷ ቅብጠት መስሎን ነበር።

ምን እንደ ሆነ ያስረዳኝ ሐኪም ነገሩን በሐኪም ማዘዣ ጀርባ ላይ ሥሎ ነው ያሳየኝ። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮ ውስጥ ይራባል። ሰውነት ሊዋጋው ወታደሮቹን ያዘምታል። በአንዳንድ ልጆች ላይ፣ በተለይም ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት፣ እነዚህ ወታደሮች ጠላትና ወገን ይምታታባቸዋል፤ ከጉሮሮ ሕመሙ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የገዛ ሰውነታቸውን መገጣጠሚያና ልብ ይወጋሉ። ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። የጥንት ሐኪሞች ይህ በሽታ መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ግን ይነክሳል ይሉ ነበር አለኝ። መገጣጠሚያው ይድናል፤ ምልክትም አይተውም። የልብ በር ግን ጠባሳ ይይዛል፤ ጉሮሮ በታመመ ቁጥርም ጠባሳው ላይ ጠባሳ ይጨመራል። የልጄ በሽታ ያለው ሚትራል በሚባለው፣ በግራ በኩል ባለው በር ላይ ነው። ሁለት ተካፋች አለው። ተካፋቾቹ ወፍረው ተኮማትረው አልገጥም ብለዋል፤ ልቧ ወደ ፊት መግፋት ያለበት ደም ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። ሁለት ትራስ የፈለገችው ለዚህ ነው።

«ያኔ ጉሮሮዋን ሲያማት ፔኒሲሊን ብትወስድ ኖሮስ?» አልኩት።

ሐኪሙ የእስክሪብቶውን ክዳን ከደነ። «ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከተሰጠ አብዛኛውን ጊዜ ይከላከላል» አለኝ።

ዘጠኝ ቀን! በዘጠኙ ቀን ውስጥ እኔ ምን ስሠራ እንደ ነበር ከላይ ተናግሬያለሁ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ከጽሑፍህ ጋር ያለኝ የመጀመሪያ ጠብ ከዚህ ይነሣል። «ከየት መጣ የማይባል ደዌ» ብለሃል። ከየት እንደ መጣ ይታወቃል፤ ከጉሮሮ ነው የመጣው። «ጨካኝ ዕጣ» ብለሃል። ዕጣ የለበትም። አንተ በአንድ ሌሊት በጻፍከው አንድ ገጽ ውስጥ «ልብ» የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ አስገብተሃል፤ ቆጥሬዋለሁ። «ጉሮሮ» የሚል ግን አንድም የለም። ልብ ለጽሑፍ ይመቻል። ልብ እንላለን፣ ልበ ሙሉ እንላለን፣ ልብ ይስጥህ እንላለን፤ የሰው ልጅ ክቡር ነገር ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጉሮሮ ምን አለው? ጉሮሮ የእህልና የጉርሻ መንገድ ነው። ስንደነግጥ እንኳ «እንጥሌ ዱብ አለ» ብለን እንቀልድበታለን። ባለቅኔዎቻችን ስለ ተሰበረ ልብ የጻፉት ቢሰበሰብ መጋዘን ይሞላል፤ ቀይ ሆኖ ያበጠ የሕፃን ጉሮሮ ግን ማንንም አላስገጠመም። ይህን የምለው ለመቀለድ አይደለም። የሚጻፈው የሚታወቀውን ይወስናል፤ የሚታወቀው ደግሞ አንድ አባት ሌሊት ላይ ልጁን ይዞ የሚሮጥበትን አቅጣጫ ይወስናል። እኔ የሮጥኩበት አቅጣጫ ወደ ምላጭ ነበር።

ልብ በሉ፣ ይህ በሽታ የእኛ ብቻ ሆኖ አልተፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ1923 ቦስተን ውስጥ ኤሊየት ከትለር የተባለ ሐኪም የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ደረት ከፍቶ የጠበበውን ሚትራል በሯን በስለት ለማስፋት ሞከረ፤ ልጅቱ ከአራት ዓመት በላይ ኖረች። በ1925 ደግሞ ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሱተር የተባለ ሐኪም ጣቱን በአንዲት ወጣት ልብ ውስጥ አስገብቶ በሩን ከፈተው፤ ልጅቱ ዳነች። ከዚያ በኋላ ግን ሌሎች ሐኪሞች ለዚህ ሥራ አንድም በሽተኛ አልላኩለትም! እነዚያ የቦስተንና የለንደን ልጆች የያዛቸው በሽታ የእኔ ልጅ በሽታ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው የሚተኙ የድሃ ልጆች በሽታ ነበር። ዛሬ እዚያ ብዙ ወጣት ሐኪሞች የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው። ያጠፋው የቀዶ ሐኪም ቢላ አይደለም። ቤቱ ሰፋ፤ መተፋፈጉ ቀነሰ፤ ከዚያ ፔኒሲሊን መጣና ጨረሰው። «እነሱማ ሀብታም ናቸው» የሚል አይጠፋም። ኮስታ ሪካ ሀብታም ነበረች? በ1970ዎቹ የልጆችን የጉሮሮ ሕመም በአንድ የፔኒሲሊን መርፌ ማከምን የጤና ጣቢያ ተራ ሥራ አደረገችው፤ በሽታውም እጅግ ቀነሰ። ኩባም ከ1986 እስከ 1996 ፒናር ዴል ሪዮ በሚባለው ክፍለ ሀገሯ ለአሥር ዓመት ሠርታበት ውጤቱን አይታለች።

መድኃኒቱን ታውቁታላችሁ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል፤ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ነጭ ዱቄት ነው፤ በውኃ በጥብጠው መቀመጫ ላይ ይወጉታል፤ ያማል። ዕድሜው ከሰባ ዓመት ይበልጣል። እኔ አንዱን ብልቃጥ የገዛሁት ከአንድ ምሳ ባነሰ ዋጋ ነው። ወንጀሉም ይኸው ርካሽነቱ ይመስለኛል። ትርፍ ስለሌለው ጥሬ ዕቃውን የሚሠሩ ፋብሪካዎች በመላው ዓለም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ የዓለም ድሆች ሁሉ ጉንፋን ይይዛቸዋል። ውድ ቢሆን ኖሮ በየመስኮቱ ይደረደር ነበር። እኔ በዚህ በዘጠኝ ወር ውስጥ «የለም» የሚለውን ቃል በስንት ዓይነት ዜማ እንደ ሰማሁት አልነግራችሁም። አንዴ መድኃኒቱ ተገኝቶ የሚወጋ ጠፋ። «ሰው ሊያስደነግጥ ይችላል፣ እኔ አልወጋም» አለኝ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት። ፍርሃቱን አልንቅም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አለ፤ ጥቂት ቢሆንም አለ፤ ለዚያም ጠይቆ መስጠትና አድሬናሊን አጠገብ ማኖር ተገቢ ነው። ግን ያ ወጣት ልጄን ላለመግደል ብሎ ወደ ቤቷ ሲሰዳት በሌላ መንገድ እንድትሞት መላኩን ማንም አላስተማረውም። የሱ ጥፋት ነው ለማለት አልደፍርም። እኔም መምህር ነኝ፤ ለሃያ ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ጉሮሯቸውን ሲያማቸው «ውኃ ጠጥተህ ተቀመጥ» ነው የምላቸው የነበረው። ከነሱ መካከል የስንቱ ልብ ተነክሷል?

እዚህ ላይ ሌላ ተከራካሪ ይነሣብኛል፤ እሱ ከወዳጄ ይብሳል። ወዳጄ ቢያንስ ያለቅሳል። ይኸኛው አያለቅስም፤ ያሰላል። ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት አገኘሁት፤ የተማረ ሰው ነው፤ የልጄን ነገር ጠይቆኝ ነገርኩት። «እግዚአብሔር ይማራት» አለና ቀጠለ፦ «ግን እንደ አገር ስናየው ለአንዲት ልብ በሚወጣው ገንዘብ ስንት ሕፃን ይከተባል? ለድሃ አገር መከላከል ይቀድማል።» ንፍሮ እየበላ ነው ይህን የሚለኝ።

መከላከል ይቀድማል። ማን ይቀድማል አላለ? እስካሁን ስጽፍ የቆየሁት እኮ ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲያችን መከላከልን አስቀድሟል፤ ከ2003 ጀምሮ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተዋል፤ በነሱ ድካም ስንት ሕፃን እንደ ተረፈ የማያይ ዓይን የለውም። ግን ጌታዬ፣ ልጄ ከተነከሰች በኋላ «መከላከል ይቀድማል» ማለት ምን ማለት ነው? ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ስለ ክብሪት አያያዝ ማስተማር ነው። ያመለጣችሁን ልጅ በእሷው ላይ ልታሳብቡ አትችሉም። ያልተከላከላችሁላት እናንተና እኔ ነን፤ ዕዳው የእኛ ነው፤ ዕዳ ደግሞ «ገንዘቡን ለሌላ ጥሩ ነገር አውለዋለሁ» ተብሎ አይሰረዝም። ደግሞስ ያ የምትለው መከላከል የታለ? ለልብ ቀዶ ሕክምና ያልወጣው ገንዘብ ፔኒሲሊን ሆኖ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ አንገቴን ደፍቼ እሰማህ ነበር። መደርደሪያውን አይቼዋለሁ። መከላከልን የምትጠራው ሕክምናን ለመከልከል ብቻ ከሆነ ስሙን አታርክሰው።

አንድ ነገር ላስታውስህ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ባለሙያዎችን እዚሁ አዲስ አበባ ሰብስቦ ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት አንድ መግለጫ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የኅብረቱ መሪዎች ተቀበሉት። መግለጫው የሚጠራው በከተማችን ስም ነው። ሰባት ነጥቦች አሉት። ከነሱ አንዱ ጥራት ያለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲገኝ ይጠይቃል። ሌላው የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከሎች እንዲቋቋሙ ይጠይቃል። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ናቸው፤ አልተጣሉም። ያጣላሃቸው አንተ ነህ። በ2018 ደግሞ የዓለም የጤና ጉባኤ ስለዚሁ በሽታ ውሳኔ አሳልፏል። ወረቀት ሞልቷል። በአዲስ አበባ ስም የተጠራ ወረቀት ይዤ በአዲስ አበባ ፋርማሲዎች ውስጥ ብልቃጥ ፍለጋ መዞሬ ግን አንዳንዴ ያስቀኛል።

ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ በልጄ ላይ አይቼዋለሁ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ እንበል። ከዚያ በኋላ በየአራት ሳምንቱ ያንን የሚያመውን መርፌ ለብዙ ዓመታት መውሰድ አለባት። ካቋረጠች ጉሮሮዋ እንደገና ይታመማል፤ የተጠገነው በር እንደገና ይነከሳል። ከውጭ የመጣ ሐኪም፣ ስንት ሺህ ብር የሚያወጣ ክር፣ የሰው ደም፣ ያ ሁሉ ከአንድ ምሳ ባነሰ ዋጋ የሚገዛ ብልቃጥ በመጥፋቱ ከንቱ ይቀራል። ወዳጄ ቀዶ ሕክምናውን እንደ ታሪኩ መጨረሻ አድርጎ ነው የጻፈው፤ «ያቺ ቀን ከመጣች ጨለማው ይነጋል» ይላል። በማግስቱ ማለዳ መርፌ እንዳለ አያውቅም።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ትንሽ ልናገር። ደረቷን ይከፍታሉ። ልቧን ያቆሙታል። ደሟን በቱቦ አውጥቶ፣ አየር ሰጥቶ የሚመልስ ማሽን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ጊበን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የተጠቀመበት የዚህ ዓይነቱ ማሽን ነው። ልቧ እስኪጠገን በዚያ ማሽን ትኖራለች። በሩን መጠገን ከተቻለ ይጠግኑታል። ካልተቻለ ቆርጠው አውጥተው የብረት በር ያስገባሉ። የብረቱ በር ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች፤ በየጊዜው ደሟ ይመረመራል። ቢበዛ ትደማለች፤ ቢያንስ በሩ ይዘጋል። ሴት ልጅ ናት። ነገ አድጋ ብታረግዝ ክኒኑ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ብትተወው ደግሞ ለራሷ ያሰጋታል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ነግሮኝ «በሩን ስናየው ነው የምንወስነው፤ ለሁለቱም መስማማትዎን ይፈርሙ» አለኝ። ፈረምኩ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ከአሥራ አምስትና ከሃያ ዓመት በኋላ ትወልድ ወይም አትወልድ እንደሆነ፣ በአንድ እስክሪብቶ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ለምን እንዳልተንቀጠቀጠ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ልጄ ልቧ እንደሚቆም ከማን እንደ ሰማች አላውቅም። ማታ «ልቤ ሲቆም እኔ የት ነኝ?» ብላ እናቷን ጠየቀቻት። እናቷ የመለሰችላትን ለራሳችን ይዘነዋል። ለወዳጄ አልነገርኩትም፤ ቢሰማ ጥያቄዋን ርእስ ያደርገው ነበር።

አሁን ወደ ኩራት ልመለስ። ወዳጄ ያስቀየመኝ ይህ ቃል ስለሆነ ሳልመልስለት አላልፍም። ኩሩ አይደለሁም። ዕቁቤን ተራዬ ሳይደርስ ሰጥተውኛል፤ ወስጃለሁ። የትምህርት ቤታችን መምህራን አዋጥተው በፖስታ ሰጥተውኛል፤ ወስጃለሁ፤ አልቅሻለሁም። የሰው እጅ ማየትን እንደ ነውር ቆጥሬ ብኖር ኖሮ ልጄ ዛሬ ቀጠሮ አይኖራትም ነበር። ከዚህም በላይ እናገራለሁ፤ በዚህ አገር የሕፃናት ልብ ሕክምና በልመና ነው የተሠራው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን ሲያቋቁሙ ልጅ የሚታከመው ውጭ አገር ሲላክ ብቻ ነበር። ከሕዝብና ከለጋሾች ሰብስበው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ በጥቁር አንበሳ ቅጥር ግቢ ማዕከሉ ተከፈተ። እንዲህ ያለውን ሰው ለማኝ ነው የሚል ምላሱ ይታሰር። ስለዚህ ከልመና ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከሲታዋን ፎቶ ከመፈለግህ ጋር ነው። ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ ወረቀት ላይ ፎቶ ቢወጣ የትኛው ይውጣ አልኳት። አልበሙን አገላብጣ ሱዚ ስትዘል የተነሣችውን፣ አንድ ጥርሷ ወልቆ የምትስቅበትን አወጣች። ከመታመሟ በፊት የተነሣችው ነው። አንተ ያንን አትፈልገውም፤ ኪስ አያስከፍትም። አንተ የምትፈልገው አንባቢው አይቶ እንዲያለቅስ፣ አልቅሶ እንዲከፍል፣ ከፍሎ እንዲገላገል ነው። ያ አንባቢ እኮ ማታ ቤቱ ሲገባ የራሱ ልጅ «አባዬ፣ ጉሮሮዬን» ትለው ይሆናል። በአንድ ገጽ ሙሉ ስለ ልብ አስለቅሰኸው ስለ ጉሮሮ አንዲት ቃል አልነገርከውም! ሁለት መቶ ብር ሰጥቶ፣ ተባርኮ፣ ለገዛ ልጁ ምላጭ ያስጠራል። ይህን በአንተ ላይ ለመፍረድ አልተናገርኩም፤ ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ መሆኔን አልረሳሁም። ግን አንተ ብዕር አለህ፤ አገር ያነብብሃል። አንድ ገጽ ካለህ ግማሹን ለጉሮሮ ስጠው። ትኩሳት ያለው፣ ያለ ሳልና ያለ ንፍጥ የመጣ፣ አንገት ሥር ያሳበጠ የልጅ ጉሮሮ ሕመም በዚያው ቀን ለባለሙያ ይታይ በል። የሚዞር የመገጣጠሚያ ሕመም እድገት አይደለም በል። የእንጥል ምላጭ ምንም እንደማያድን ጻፍ፤ አማቶቻችን ይቀየሙ። ከዚያ የተረፈው ግማሽ ገጽ ላይ፣ ከፈለግህ ጨረቃም ጽጌረዳም በላት።

ደምህንም ስጥ። ለቀዶ ሕክምናው ደም ያስፈልጋል፤ ያንተን የደም ዓይነት ባላውቅም ለአንዱ ልጅ ይሆናል።

ቀጠሮዋ ኅዳር 9 ቀን 2018 ነው። የወር መርፌዋ ከዚያ በፊት ጥቅምት 28 ይውላል። ትናንት ሁለት ፋርማሲ ዞሬ አጣሁ፤ ሦስተኛው ስልኬን ተቀብሎ ነገ ከሰዓት በኋላ ብቅ በል ብሎኛል።